ኡስታዝ በሽር እና እንግዳው ቃል

የኡስታዝ በሽርን ሞት የሰማሁት ባጃጅ ውስጥ ነው። ከገበያ ወደ ቤቴ ስመለስ ሾፌሩ በመስታወቱ አየት አደረገኝና፣ «ቲቸር፣ የኡስታዝ በሽርን ነገር ሰማሽ እንዴ?» አለኝ። እኔና በሽር ያስተማርነው ልጅ ነው። ስሙን ረስቼዋለሁ፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያንቀላፋ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። አልሰማሁም አልኩት። ባጃጁን ዳር አስይዞ ሞተሩን አጠፋና፣ «ትልቅ ሰው አጣን፣ ቲቸር» አለ።

እንዲህ ያለ ወሬ ሲነገር ሰው ይጮሃል ወይም ያለቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው፣ «ከምን ጋር ሲተያይ?» የሚል ጥያቄ ነው። ይህ የእሱ ጥያቄ ነበር። ስንት ዓመት አጠገቡ ተቀምጬ ስሰማው ተጋብቶብኝ ኖሯል። እንባዬ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ልጁም ሒሳብ አልቀበልም ብሎ ደጄ ድረስ አደረሰኝ።

በሽር በእኛ ትምህርት ቤት የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል እንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። ብሔሩ በርታ ነው፤ አሶሳ ዳር ተወልዶ አሶሳ አደገ። ተማሪዎቹ ኡስታዝ ይሉታል። እኔ ከደብረ ታቦር ተመድቤ ሶሻል ላስተምር ስመጣ አንቱ ብዬ ጀምሬው ነበር፤ «አንቱ ስትዪኝ አባቴን የምትጠሪ ይመስለኛል፣ እሳቸው ደግሞ ቶሎ አይሰሙም» ስላለኝ አንተ አልኩት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ክረምት ከበጋ ጃንጥላ የማይለየው ሰው ነበር። ከክፍል ሲወጣ በር ላይ ቆሞ የጠመኔውን ብናኝ ከየጣቱ በመሐረብ ይጠርጋል፤ አንዱን ጣት ሳይጨርስ ወደ ሌላው አያልፍም። ይህን ሲያደርግ ተማሪ ሊያነጋግረው ቢመጣ እንኳ ይጠብቃል።

ጥያቄውን የማይጠይቅበት ቦታ አልነበረም። ርዕሰ መምህራችን ስብሰባ ከፍቶ፣ «ትልቅ ችግር ገጥሞናል» ሲል የበሽር እጅ ይነሳል። «ከምን ጋር ሲተያይ?» አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ካንተ ጋር ሲተያይ!» አለው። ከሁላችንም በላይ የሳቀው በሽር ነበር፤ ሳቁ አላቆም ብሎት ውጭ ወጥቶ ተመለሰ። ነገሩ ግን ለእሱ ቀልድ አልነበረም። ምንም ነገር ብቻውን ትልቅ አይሆንም፣ አጠገቡ ምን እንዳለ ካላየሁ አላምንም ይላል። ለእኔ ያኔ ራስ ምታት ነበር። ገበያ አብረን ወጥተን «ይሄ ማንጎ ትልቅ ነው» ብዬ መግዛት አልችልም።

ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ቢግን፣ ትልቅ የሚለውን፣ ይወድ ነበር። ሕፃን ልጅ የሚያውቀውን ቃል ምን ብሎ እንደሚወድ አይገባኝም ነበርና ሳሾፍበት፣ አንድ የዕረፍት ሰዓት ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላቱን ይዞ መጥቶ ከፊቴ ዘረጋው።

«እህቴ፣ ይህን እይ። ይህ መጽሐፍ የእያንዳንዱን ቃል አባትና አያት ይቆጥራል። ይኸኛው ከላቲን፣ ያኛው ከግሪክ። ቢግ ላይ ሲደርስ ምን ይላል? ከየት እንደመጣ አይታወቅም ይላል!»

«ታዲያ ይሄ ምኑ ያስደስታል?»

«እንዴት አያስደስት! እንግሊዞቹ ጠዋት ማታ ከአፋቸው የማይለዩት ቃል እኮ ነው። ባሕር ተሻግረው ከሰሜን የመጡ ሰዎች ይዘውት መጥተው ይሆናል ብለው ይገምታሉ፣ በቃ። ደግሞ ሲገባ ትልቅ ማለት አልነበረም። ብርቱ፣ ጉልበታም ማለት ነበር። መታወቂያ አምጣ ያለው የለም። ገባ፣ ሠራ፣ ቤተኛ ሆነ።»

ይህን ሲናገር ዓይኑ ለምን እንደሚበራ የገባኝ ቆይቶ ነው። እኛ አገር ሰው ከሰላምታ ቀጥሎ የሚጠየቀው ከየት መጣህ ነው፤ አንዳንዴም መልሱ ሰላምታውን ያስቀራል። እኔ ስንቴ ተጠይቄ ስንቴ እንደመለስኩ እኔው አውቃለሁ። በዚያ ትምህርት ቤት ከየት መጣሽ ብሎ ያልጠየቀኝ በሽር ብቻ ነው። የመጣሁ ቀን የጠየቀኝ ምሳ በልቼ እንደሆነ ነው።

ላርጅን፣ ያንኑ ትልቅ የሚለውን ሌላ ቃል፣ ብዙም አይወደውም ነበር። «እሱ ወረቀቱ የተሟላ ነው» ይላል። «ከላቲን ተነሥቶ በፈረንሳይ በር የገባ ነው። ጥንት ለጋስ ማለት ነበር አሉ፤ ዛሬ ሸሚዝ አንገት ላይ ተሰፍቶ ይኖራል።» ለተማሪዎቹም ሁለቱን የሚለይበት የራሱ መንገድ ነበረው። ቢግ የቤት ነው፣ ላርጅ የሱቅና የቢሮ ነው። ታላቅ ወንድም ቢግ ነው። ስህተት ቢግ ነው፣ የሠርግ ቀን ቢግ ነው፤ ልጅም ሲያድግ ቢግ ሆነ ይባላል። «እህቴን ቢግ ሲስተር ብላት ደስ ይላታል» ይልና፣ አጠገቡ ካለሁ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ላርጅ ሲስተር ብላት ግን ወር አታናግረኝም» ይላል። ያኔ ቀጭን ስለነበርኩ እስቅ ነበር። ዛሬ ቢለኝ እንጃ።

አሁን ወደ እንግዳው ነገር ልምጣ። በሽር ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በፊት አንድ ቃል ከአንድ ተማሪ ጋር ወደ ቤት ይልካል። «እንግዳ ነው፤ ሳምንት ይደር። ቤት ያለ ሁሉ ያነጋግረው» ይላል። ተማሪው ቃሉን ለእናቱ፣ ለአባቱ፣ ለታናናሾቹ ያስተዋውቃል። ቤተሰቡ በርታም ይናገር ጉሙዝም ሺናሻም፣ ሳምንቱን ያንን አንድ ቃል በመሐል እያስገባ ይጠቀምበታል። በሚቀጥለው ዓርብ ተማሪው ክፍል ፊት ቆሞ እንግዳው እንዴት እንደሰነበተ ይናገራል፤ ከዚያ ቃሉ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። የልብስ ሰፊው ልጅ ላርጅን አሳድሮ ሲመለስ፣ አባቱ ደንበኛውን ሁሉ በዚያ ቃል እየጠራ ጠብ ሊያስነሣ እንደነበር ተናገረ። ከባምባሲ መጥታ አክስቷ ዘንድ የምትኖር ልጅ ሄቪን ይዛ ሄዳ በማግስቱ መለሰችው። አክስትየው፣ «እኔ ከባድ ነገር ስሸከም ነው የዋልኩት፣ ይሄ ደግሞ ቤቴ አያድርም» ብላ አባርራዋለች። በሽር ቃሉን፣ «አይዞህ፣ ሌላ ቤት እንፈልግልሃለን» ብሎ ሲያጽናናው ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

እኔ በአንድ ክፍለ ጊዜ ዓባይን ከምንጩ ተነሥቼ ካርቱም ሳደርሰው እሱ አንድ ቃል ለሳምንት ያሳድራል። መጽሐፉን መች ሊጨርስ ነው እያልኩ ከርዕሰ መምህሩ ጋር አማሁት። የሱ ተማሪዎች ግን ቃል አይረሱም ነበር፤ ያንን መካድ አይቻልም።

ቢግን ነፊሳ ለምትባል የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሰጣት። የነፊሳ እናት በዚያ ክረምት ሙሳ የሚባለውን ሕፃን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ሞታ ነበር። ልጅቱ ከሐዘን ተመልሳ ክፍል ስትገባ ዝም ያለች፣ ዓይኗን ከዴስኩ የማታነሣ ሆነች። በሽር የሚወደውን ቃል ለእሷ የላከው ቤታቸውን ትንሽ ሞቅ ያደርገዋል ብሎ ነው። እንዳሰበውም ሆነ። በሳምንቱ ነፊሳ ክፍል ፊት ቆመችና አንገቷን ደፍታ እየሳቀች፣ «ኡስታዝ፣ ልጆቹ አልመልስም አሉ። ለእኔ ሰጡት» አለች። ታናናሾቿ ስሟን ትተው ቢግ እያሉ ይጠሯት ጀምረዋል። በሽር እጁን አጨበጨበ። «እንግዳው እዚያው ቀረ!» እያለ በዕረፍት ሰዓት ለሁላችንም አወራ፤ እንዲህ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የነፊሳ ቦታ ባዶ ሆነ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ከዚያ ሳምንት። በሽር አራተኛ ክፍል የሚማረውን ወንድሟን ኢብራሂምን በረንዳ ላይ አግኝቶ እህትህ የት አለች አለው። እኔም አጠገቡ ነበርኩ። ልጁ ምንም ሳይመስለው፣ «ቢግ ቤት ነው። ሙሳን ይይዛል። ከእንግዲህ ትምህርት የለም» አለና ኳሱን ተከትሎ ሮጠ።

የበሽር ፊት ሲለወጥ አየሁ። መሐረቡን አውጥቶ ንጹሕ ጣቱን ይጠርግ ጀመር።

«እኔ ነኝ የላክሁባት» አለ።

«ምኑን? ቃሉን?» ተናደድኩበት፤ በሐዘን ሰዓት የሚናደድ ሰው ነኝ። «እናቷ ናት የሞተችው። አባቷ ጎህ ሲቀድ ቀርከሃ ቆረጣ ይሄዳል። ሕፃን አለ። ቃል ባትልክስ ልትማር ኖሯል?»

«ሸክሙማ ነበረ። ግን ስም አልነበረውም። ስም ሲያገኝ ሁሉም አመነበት፤ እሷም አመነችበት።»

ቅዳሜ ከሰዓት ይዞኝ ሄደ። ቤታቸው ከተማው ሲያልቅ፣ የቀርከሃ አጥር ያለው፣ ደጁ ላይ ማንጎ የበቀለበት ቤት ነው። ነፊሳ ሙሳን አዝላ ልብስ እያጠበች አገኘናት፤ ስታየን ወደ ጓሮ ገባች። አባትየው አብዱራሂም ሰሌን አንጥፎ አስቀመጠን። ሁለቱ መጀመሪያ በበርታ ቋንቋ ብዙ ተነጋገሩ፤ ከዚያ ለእኔ ሲሉ ወደ አማርኛ መጡ። የአብዱራሂም አማርኛ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ይጠራል።

«ኡስታዝ፣ ነፊሳ ጎበዝ ነው። አውቃለሁ፣ እወዳለሁ። ግን ቤት ሰው ይፈልጋል። ትልቅ እሱ ነው።»

እኔ ስለ ሴት ልጅ ትምህርት ጥቅም ላስረዳው አፌን ስከፍት በሽር ጉልበቴን በጃንጥላው ነካ አደረገኝ። እሱ የሚያየው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ነገር ነበር። በርታዎች በሠርግና በመኸር ሰሞን የሚነፉት፣ ቅል ከቅል ተቀጣጥሎ የሚሠራ ረጅም ጥሩንባ ነው። ትልቁም ትንሹም አለ፤ እያንዳንዱ የሚያወጣው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ዜማ የሚሆነው ሁሉም በየተራው ሲነፋ ነው። ከአብዱራሂም ግድግዳ ላይ የነበረው ቁመቱ እኔን የሚያክል ነው።

«ትልቁን የምትነፋው አንተ ነህ?» አለ በሽር።

«እኔ ነኝ።» አብዱራሂም ደረቱን ነፋ አደረገ።

«ሠርጉ እስኪያልቅ ብቻህን?»

«ብቻ እንዴት ይሆናል፣ ያ ኡስታዝ!» ሳቀ። «ሳንባ ያልቃል። አንድ ሰው ጎኔ ይቆማል። እኔ ስደክም ከአፌ ይቀበላል። ሲደክም እኔ እቀበላለሁ።»

«ዜማው ይቋረጣል?»

«አይቋረጥም። ነውር ነው።»

በሽር ጃንጥላውን መሬት ላይ አጋደመው። «አብዱራሂም፣ በዚህ ቤት ትልቁን የያዘችው ነፊሳ ናት። ጎኗ የቆመው ማን ነው?»

አብዱራሂም ወደ ጓሮ በኩል አየ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቱ ነበር» አለ።

እኔ ማንጎዋን አያለሁ፣ ማንጎዋ በእንባ ትደበዝዛለች። የበሽር ብልጠት ያመጣው ነገር እሱንም እንዳሳመመው ያየሁት አብዱራሂም ትከሻ ላይ እጁን ሲያደርግ ነው።

«ማን ይቁም?» አለ አብዱራሂም በመጨረሻ። የእውነት ነው የጠየቀው።

በሽር ቀድሞ ያሰበበት ነበር። የነፊሳ አክስት ሰኞና ረቡዕ ጠዋት፤ ጎረቤት ያለችው ወይዘሮ ዓርብ። ማክሰኞን ለእኔ ሰጠኝ፤ ቀድሞ አልጠየቀኝም፣ እኔም በሰው ፊት እንቢ ማለት አልቻልኩም። ከዚያ፣ «ሐሙስ ጠዋት እኔ ክፍል የለኝም» አለ። አብዱራሂም ቀልድ መስሎት ሳቀ። «ወንድ ሕፃን ይይዛል? ኡስታዝ ሕፃን ያዝላል?» በሽር ግን አልሳቀም።

እንዲህ ሆኖ ነፊሳ ተመለሰች። ሐሙስ ሐሙስ ጃንጥላ የያዘው ረጅም ሰው ወደ ከተማው ዳር ሲሄድ ባጃጅ ሾፌሮች መንገድ ላይ ጥሩንባ ይነፉበታል። በሽር ሞግዚት ሆነ ተባለ፤ ደመወዙ ስንት ነው ተባለ። ርዕሰ መምህሩ ጠርቶት፣ «ለአስተማሪ ይህ ትልቅ ውርደት ነው» አለው፤ በሽር ምን ብሎ እንደጠየቀው መናገር አያስፈልገኝም። እኔም ማክሰኞን እያጉረመረምኩ ያዝኩ። ሙሳ እኔን አይወደኝም ነበር፤ ስይዘው እንደተገረፈ ያለቅሳል። በሽርን ሲያይ ግን እጁን ይዘረጋል።

የስምንተኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ደረሰ። ለፈተናው ቀናት ሙሳን አክስቱ ልትይዝ ነበር የተስማማነው። ፈተናው ሊጀመር ሲል ባምባሲ ዘመድ ሞቶባት ሄደች። አብዱራሂም ጫካ ነው፣ ጎረቤትየዋ ታማለች። እኔና በሽር የራሳችን ተማሪዎች ስለሚፈተኑ ግቢ መግባት አይፈቀድልንም፤ ከሽቦው አጥር ውጭ መንገዱ ላይ ቆመናል። በሽር ሙሳን አቅፎ ነበር የመጣው። ክንዱ ሲዝል ሻርፔን ከትከሻዬ ላይ ወሰደ።

«አምጣ፣ እኔ ልዘለው» አልኩት።

«ካንቺ ጋር ይጮሃል። ፈተና ነው፣ ይረብሻል።»

አዘለው። አስተሳሰሩን አያውቅበትም፤ ቋጠሮው ደረቱ ላይ ሳይሆን አንገቱ ሥር ገባ። የበር ጠባቂው ፖሊስ፣ «ጋሼ፣ ወለዱ እንዴ?» አለ፤ ባጃጅ ሾፌሮቹ ተሰብስበው ያዩታል። በሽር በአጥሩ አጠገብ ወዲያ ወዲህ እያለ በበርታ ቋንቋ ያንጎራጉር ጀመር።

በሁለቱ የትምህርት ዓይነቶች መሐል ተፈታኞቹ ለዕረፍት ግቢው ውስጥ ወጡ። ሙሳ በዚያች ሰዓት ተርቦ ይሁን ሙቀቱ ጠንቶበት አላውቅም፣ ማልቀስ ጀመረ። ነፊሳ ድምፁን አወቀችው። ከሴት ልጆቹ መሐል ተለይታ ወደ ሽቦው ሮጠች።

በሽር አያት፤ ወዲያው ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፣ ሕፃኑ ከጀርባው ሆነ።

«ኡስታዝ፣ ስጠኝ። አንድ ጊዜ ልያዘው።»

«አልሰጥሽም።»

«ታሟል እንዴ? ፊቱን ልይ!»

«አታዪም። ደህና ነው።»

«እኔ እወጣለሁ» አለችና ወደ በሩ ሄደች። ፖሊሱ፣ «ከወጣሽ መመለስ የለም። ሕግ ነው» አላት። እሷ አልሰማችውም፤ ሙሳ ደግሞ ድምፁ ከፍ አለ። የዓመቱ ልፋት፣ የስንቱ ሰው ተራ፣ በዚያች ደቂቃ ሊያልቅ ነው።

በሽር ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ነፊሳ! ዛሬ ትልቁ እኔ ነኝ። አንቺ ተማሪ ነሽ። ግቢ!»

ከዚያም መሄድ ጀመረ። ፊቱ እሷን እያየ፣ ኋሊት። እጁን ወደ ኋላ አዙሮ ሙሳን ደግፎ፣ እግሩን እየዳበሰ፣ ድንጋይ እያደናቀፈው፣ በባጃጆቹ መሐል ኋሊት ሄደ። ሾፌሮቹ ሳቁ፤ ከዚያ አንዱ ባጃጁን ገፍቶ መንገድ ለቀቀለት፣ ሌሎቹም ተከተሉት። ሳቁ ቆመ። ነፊሳ በሩን ይዛ እያለቀሰች ታየዋለች። ደወሉ ተደወለ። ፊቷን በሻሿ ጠርጋ ዞረችና ገባች። እሱ ግን እሷ መግባቷን በዓይኑ እያየም ጥጉን እስኪታጠፍ ድረስ አልዞረም።

ለበሽር ተዕዚያ፣ ለልቅሶው፣ ስሄድ ሰዉ ግቢውን ሞልቶ መንገድ ላይ ተርፏል። ሴቶቹ በተቀመጡበት በኩል ነፊሳን አገኘኋት። አሁን ሸርቆሌ ክሊኒክ ነርስ ናት፤ ሌሊቱን በሥራ ላይ አድራ በመጀመሪያው ሚኒባስ ነው የደረሰችው። ተቃቅፈን ካለቀስን በኋላ ስለዚያ የፈተና ቀን አነሣሁላት። ሾፌሮቹ እንዴት እንደሳቁ፣ እሱ እንዴት ሲደናቀፍ እንደነበረ ነገርኳት።

«ዞሮ ቢሄድ ኖሮ የሙሳን ፊት አይ ነበር፣ ቲቸር» አለችኝ። «ካየሁ ደግሞ እወጣ ነበር።»